የሐሙሱ መስመር

«‹ቢራጎ የሚስቲቱን ስም ሰረዘች። ቢራጎ የሟቹን ወንድም ስም ጻፈች።› ይኸው፣ ከወረቀቱ ላይ ነው የማነብልህ» ይላሉ ዎፋ ሳርፖንግ በስልክ። አምፖፎ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲህ ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። ግድግዳው የቆመው የማቀዝቀዣው አየር ከባለቤቱ ክፍል እንዳይወጣ እንጂ ድምፅ እንዳይወጣ አይደለም። «አይ ልጄ፣ እኔ ማንንም አልከሰስኩም። ማሽኑ ነው የተናገረው። ማሽን ደግሞ ዘመድ የለውም። አስር ሰዓት ላይ ና፤ ሬዲዮ ጣቢያ እሄዳለሁ የምትለውን ነገር ግን እስከዚያ ተወው፣ አደራህን። ሴትዮዋን አንተው ፊት ነው የማሰናብታት።» ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ቀጥሎ ዎፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያንኑ ወረቀት ለራሳቸው ደግመው ማንበብ ጀመሩ። ማንበቡ ደስ ብሏቸዋል።

ዓረፍተ ነገሮቹን የጻፈው አምፖፎ ነው። ቢራጎ ደግሞ ያሳደገችው ሴት ናት፤ የእናቱ ታናሽ እህት። እዚህ ጋና፣ ኩማሲ ውስጥ፣ የእናት እህት አክስት አትባልም፣ እናት ናት፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ «ማሜ» ነው የሚላት። ወደዚህ ቤት ያስገባችውም እሷ ናት። «የእኔ ልጅ ኮምፒውተር ያውቃል» ብላ ዎፋ ሳርፖንግ ፊት እጇን አጣጥፋ ቆማ ነው ያስቀጠረችው። ዎፋ ማለት የእናት ወንድም ማለት ቢሆንም ሳርፖንግ በሥጋ የማንም ሠራተኛ አጎት አይደሉም። ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ፣ ፀጉራቸውም ስለሸበተ፣ ሁሉም እንዲያ ይላቸዋል። ቤቱ ሬሳ ማቆያ ነው። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ በተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ ላይ የአንድ ቀን ማቀዝቀዣ በአገሩ ገንዘብ ስንት ሲዲ እንደሆነ፣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ቅናሽ እንዳለው፣ ማጠብና ማልበስ ለብቻው እንደሚከፈል ተጽፏል። ከሰሌዳው ሥር ጥቁርና ቀይ የለበሱ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ስለ ድንኳን ኪራይ ይከራከራሉ።

አምፖፎ የተቀጠረው ለጥገና ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ገንዘብ ሲያልቅ አሳፎ ሰፈር አንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ገባና፣ ኮምፒውተርን የተማረው ከሌላ ሰው ትከሻ ኋላ ቆሞ በማየት ነው። የቤቱ ዳታቤዝ የሚደረግበትን ለውጥ ሁሉ ተራ በተራ የሚይዝበት የለውጥ መዝገብ አለው። ማን ገባ፣ ከየትኛው መደርደሪያ ወደ የትኛው ተዛወረ፣ ሬሳውን የሚረከበው ማን ነው፣ ያን የተረካቢ ስም የለወጠው ማን ነው፣ ሁሉንም ይይዛል። መዝገቡ የሚሰረዝ ነገር የለውም፤ የተሰረዘውንም ‹ተሰረዘ› ብሎ ይጽፈዋል። ችግሩ አጻጻፉ ነበር። ሰውን በቁጥር ይጠራል፤ ቢራጎ ሰባት ናት፣ ሬሳ አመላላሹ ኳርቴንግ አሥራ አንድ። አንደኛው መስኮት ላይ ያለው ኮምፒውተር ቀኑን ከወሩ ያስቀድማል፣ የሁለተኛው መስኮት ወሩን ከቀኑ። አንድ ስም በሌላ ሲተካ አንዳንዴ በአንድ መስመር ይመጣል፣ አንዳንዴ አሮጌው ሲወጣ አንድ መስመር፣ አዲሱ ሲገባ ሌላ መስመር ይሆንና በመሃል የማያውቁት የሌላ ሬሳ ጉዳይ ይሰነቀራል። ዎፋ አንድ ቀን ያን ጥሬ መዝገብ ይዘው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ቆዩና «ገንዘቤን ከስክሼ የማላነበው መጽሐፍ ነው የገዛሁት? ሰው እንደሚያወራ አድርገህ አምጣልኝ» አሉት።

ያን ሥራ ወደደው። ብቻውን የሚውል ልጅ ስለሆነ ሥራውን ይዞት ይዞራል። ማለዳ ከሚኖሩበት ከታፎ ሰፈር ወደ ሥራ ሲመጣ፣ ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ መንገዱን ሁሉ በመዝገብ አጻጻፍ ያወራው ነበር። ‹ወፍራሟ ሴት ወረደች። በእሷ ቦታ ሽማግሌው ተቀመጡ። ረዳቱ የሃምሳ ሲዲ መልስ አዘገየ።› ነገሩ ሁሉ እንዲህ በአጭሩ ሲቀመጥ ዓለም የጠራች ትመስለው ነበር፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ፣ በቃ። ቁጥሮቹን በስም ተካ፣ ቀኖቹን አስተካከለ፣ የተለያዩትን መስመሮች አገናኘ፣ ግሦቹን አንድ በአንድ መረጠ። ዎፋ የመጀመሪያውን ገጽ ሲያዩ እንደ ጋዜጣ ጮክ ብለው አነበቡት። ኳርቴንግ ከማቀዝቀዣው ክፍል ብቅ ብሎ ሰማና ሳቀ፤ «አምፖፎ፣ አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን ሐሜት አስተማርከው እኮ! ‹ኳርቴንግ ዘግይቶ አስገባ› አለብኝ። ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትቆጣጠረኝም።»

የሐሙሱ ነገር የመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቦዋቼ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎት ሞተ፤ ሚስቱ ማዳም ኮናዱ ከሆስፒታል አምጥተው አስገቡት፣ ተረካቢም ሆነው ስማቸውን አስመዘገቡ። እዚህ ሰው የሚቆጠረው በእናቱ ወገን ነውና፣ ሐሙስ ከሰዓት የሟቹ የእናት ወገን ሽማግሌዎች መጡ፤ የተረካቢው ስም በታላቅ ወንድሙ ስም ተለወጠ። ዓርብ ገና ሳይነጋ ወሰዱት። ማዳም ኮናዱ ረፋድ ላይ መኪና ተከራይተው፣ ሣጥን ገዝተው ሲደርሱ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ቅዳሜ መንደሩ ውስጥ ተቀበረ፤ ልጃቸው ያዶም እንደሚለው እናቱ ለገዛ ባሏ ቀብር እንደ እንግዳ ወንበር ተፈለገላት። ያዶም አስተማሪ ነው፤ ስልኩ ውስጥ የሁሉም የማለዳ ሬዲዮ ጣቢያ ቁጥር አለ። ዎፋ በስልክ ያናገሩትም፣ የሚፈሩትም እሱን ነው።

ቀትር ላይ ዎፋ አምፖፎን ጠሩት። ክፍላቸው እንደ ማቀዝቀዣው ቤት ይበርዳል፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው የሽማግሌዎች ፎቶ አለ። ዓይኑን ሳያዩ ነው ያናገሩት። «ነገሩ ለአንተም ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እናትህ ናት። ግን ቤት መጠበቅ አለበት። ለአስር ሰዓት የዓመቱን የተረካቢ ለውጥ ሁሉ አውጣልኝ። ቤታችን ንጹሕ መሆኑን፣ ያበላሸችው እሷ አንዷ ብቻ መሆኗን ልጁ በዓይኑ ይይ።» አምፖፎ «እሺ ዎፋ» አለና ወጣ።

ቢራጎ ከጄኔሬተሩ ጀርባ፣ ኒም ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሁለት ሰው ኬንኬ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ፈታ ትጠብቀው ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዓሣውን ለሁለት ከፈለችና ትልቁን ቁራሽ ወደ እሱ ገፋች። ብዙ ጊዜ ምሳ ሲበሉ አይነጋገሩም፤ ዝምታቸው የለመዱት ዝምታ ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነበር፤ ሁለቱም ዓሣው ላይ አቀርቅረው እሾህ ይለቅማሉ፣ እሾህ ከሌለበትም ይለቅማሉ። እሱ የሚያስበው ታፎ ስላሉት ሁለት ክፍሎቻቸው ነው። የሁለት ዓመቱ ቅድሚያ ኪራይ ሊያልቅ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የሚቀጥለውን ሁለት ዓመት ባንድ ላይ ካላገኘ ቁልፍ ይቀይራል። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላትን፣ ‹ሬሳ ሰጠች› ተብላ የተባረረችን ሴት ማን መስኮት ላይ ያስቀምጣል?

«ሰምተሃል አይደል?» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ኬንኬዋ እያነሰች ሄደች። ዋጋዋ ግን አይቀንስም።» እሾህ ወደ ቅጠሉ ጣለች። «አንተ ነህ የጻፍከው ይላሉ።»

«ማሽኑ ነው ማሜ። እኔ እንዲነበብ ብቻ ነው ያደረግሁት።»

«‹ሰረዘች› የሚለውን ቃል ለማሽኑ ማን አስተማረው?»

«አላደረግሽውም እንዴ?» አለ።

«አደረግሁት እንጂ!» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ስላለ ጄኔሬተሩ ላይ የተኛችው ድመት ነቃች። «ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ወንበር ሰጠሁ፣ ውሃ ሰጠሁ። ‹የእኛ ደም ነው፤ የእናቱ ቤት እያለ ሚስት ትረከበዋለች ወይ?› አሉኝ። ዎፋ አክራ ሄደዋል። ቢኖሩ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሲያደርጉት አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ስለዚህ አደረግሁት፣ በዚችው ጣቴ። ግን ሰረዘች፣ ሰረዘች ሲሉ ሴትዮዋን ከምድር ላይ የሰረዝኳት ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለሽ ንገሪያቸው። ‹እርስዎም ያደርጉታል› በያቸው።»

«ለታላቅ ሰው እንደዚያ ይባላል? ማን ነው አንተን ያሳደገህ?» አለች። የጠየቀችው ነገር ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ገባቸውና ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አልሳቁም። ቅጠሉን ጠቀለለች፣ እጇን ታጠበች፣ ወደ ሁለተኛው መስኮት ተመልሳ የመደርደሪያ መለያ ካርዶቿን መጻፍ ቀጠለች። የእጅ ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

አምፖፎ ፕሮግራሙን ከፈተ። መጀመሪያ የፈለገው ስሕተት ነው፤ የሐሙሱ መስመር ውሸት ቢሆን ምንኛ በወደደ። ጥሬውን መዝገብና የሚነበበውን ጎን ለጎን አድርጎ አየ። ሁሉም ልክ ነው። ሰባት ቁጥር፣ ሁለተኛው መስኮት፣ አሮጌው ስም ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ከዚያ ዓይኑ ራሱ የጻፈው አንድ ትእዛዝ ላይ ዐረፈ። ቁጥሩ አንድ ሲሆን ስም አታንሣ፤ ከማን ወደ ማን እንደተለወጠም አትጻፍ፤ ‹ተስተካክሏል› ብቻ በል፤ ይላል። አንድ ቁጥር ዎፋ ናቸው። መቼ እንደጻፈው አስታወሰ፤ ያኔ አስቦበት ግን አልነበረም። ታላቅ ሰው ሲገባ ከወንበር እንደመነሣት፣ ዕቃ በግራ እጅ እንዳለማቀበል ያለ ነገር ነው። ‹ሳርፖንግ ሰረዘ› ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ ያለ ማዕረግ፣ ያለ ምንም፣ እጁ ራሱ እንቢ አለው። ስለዚህ ያንን ጨዋነት ለማሽኑም አስተማረው፤ ማሽኑ ደግሞ የተማረውን አይረሳም። ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሥራው ስላለቀ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበረ ትዝ አለው።

ጥሬውን መዝገብ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ‹አንድ ቁጥር› ያለበትን የተረካቢ ለውጥ ሁሉ ጠየቀው። መስመሮቹ ወረዱ። የሚስት ስም ይወጣል፣ የወንድም ስም ይገባል። የሚስት ይወጣል፣ የአጎት ይገባል። አንድ ቦታ የሴት ልጅ ስም ወጥቶ የአያት ስም ገብቷል። አንዳንዶቹን ሴቶች ያስታውሳቸዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይዘው ሲያለቅሱ አይቷቸው ነበር፤ በሐዘናቸው ብቻ የሚያለቅሱ መስሎት ነበር። ዎፋ ቁጭ ብለው ሽማግሌዎችን አነጋግረው፣ ያመጡላቸውን መጠጥ ተቀብለው ከጨረሱ በኋላ ኮምፒውተሩ ጋ የሚሄዱት ለዚህ ነበር። ቢራጎ እውነቷን ነው። ልዩነቱ የሳቸው ‹ተስተካክሏል› መባሉ፣ የእሷ ‹ሰረዘች› መባሉ ብቻ ነው። ቃሉን ለሁለቱም ያደላቸው ደግሞ ዎፋ ሳይሆኑ እሱ ነው።

መላ ያለ መሰለው። መስመሮቹ አንድ ዓይነት መሆን ካለባቸው ለምን የቢራጎም ‹ተስተካክሏል› አይሆንም? አንዲት ቃል ነካ አደረገና ገጹን እንደገና አወጣው። የቢራጎ ስም የለም፣ የማንም ስም የለም። ተስተካክሏል። ተስተካክሏል። ተስተካክሏል። ገጹ አዲስ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ንጹሕ ነው፤ ማንም ማንንም በዚህ ወረቀት ሊያባርር አይችልም። ትከሻው ቀለል አለው። ከዚያ ‹ኮናዱ› የሚለውን ስም በዓይኑ ፈለገ። የለም። ሴትዮዋ ሐሙስ ዕለት ከተረካቢነት ወጡ፤ አሁን ደግሞ መውጣታቸው ራሱ ወጣ። ሁለተኛ ጊዜ መጥፋታቸው ነው፣ በዚህኛው ደግሞ በእሱ እጅ። ከመስኮቱ ውጪ ሻጯ ሴት «ንጹሕ ውሃ!» እያለች አለፈች። ኳርቴንግ የጎማ ጫማውን እየጎተተ መጥቶ ከኋላው ቆመና «ምነው? ሬሳ ያየህ ትመስላለህ» አለው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀው ነበር።

ትእዛዙን አጠፋው፤ ‹ቁጥሩ አንድ ሲሆን› የሚለውን በሙሉ። ‹ሰረዘ› የሚለውን ግስ ለሁሉም መለሰ። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መጣ፤ ቀኑ፣ መስኮቱ፣ አድራጊው፣ የወጣው ስም፣ የገባው ስም። የባለቤቱም እንደ አመላላሹ፣ የቢራጎም እንደ ባለቤቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡ ዎፋ እንዳዘዙት ሰው እንደሚያወራ ሆነ፤ ግን ሰው በእርግጥ እንዲህ ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም። የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነ። ከቢራጎ ጋር አብሮ ሊባረር እንደሚችል አውቋል፤ ሁለቱም ከተባረሩ ደግሞ ኪራዩን የሚከፍል የለም።

አስር ሰዓት ላይ ያዶም ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ የቀረበለትን ውሃ አልነካም። ቢራጎ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ወንበር አለ፣ ግን አልተቀመጠችም። አምፖፎ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቅርቦ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዎፋ፣ አስቀድመው ለብቻዎ ቢያዩት ይሻላል» አላቸው። ዎፋ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙት። «ከዚህ ልጅ የምደብቀው የለኝም» አሉ። መነጽራቸውን አደረጉና በለመዱት የጋዜጣ ድምፅ ጀመሩ።

«‹ጥር ስምንት። አንደኛው መስኮት። ሳርፖንግ የአጋታን ስም ሰረዘ። ሳርፖንግ የ...›» ቆሙ። ወደ ላይ ተመለሱና ያንኑ በዓይናቸው ደገሙት። ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ ገጹን ገልብጠው ወደ ሌላው። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ።

«አዎ ዎፋ።»

«ባለፈው እንዲህ አልነበረም።»

«አልነበረም። እኔ ነኝ የሸፈንኩት። ስለማከብርዎ ነው የሸፈንኩት። አሁን ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ነው።»

«እኔን!» አሉ ዎፋ፤ ቁጣ አልነበረም፣ ሰው ሳያውቅ ራሱን መስታወት ውስጥ ሲያይ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። «ሳርፖንግ ብለህ! እንደ ጫማ ጠራጊ!»

ያዶም ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ያንብቡት እንጂ ዎፋ። ማሽን ዘመድ የለውም አላሉኝም?» ዎፋ ግን አላነበቡም፤ ያዶም ወረቀቱን ከጣታቸው መሃል ቀስ አድርጎ ወሰደና እሱ ራሱ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ መስመር በመስመር ወረደ። የሴቶቹ ስም አንድ በአንድ ሲጠራ ክፍሉ እየሞላ የመጣ መሰለ። ሐሙስ ላይ ሲደርስ የቢራጎን መስመር እንደ ሌሎቹ አነበበው፤ አላጠበቀውም፣ አላላላውምም። ሲጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ልታባርሯት ነበር የጠራችሁኝ» አለ። «እሷን ካባረራችሁ ቀጥሎ ማንን ልታባርሩ ነው?» ዎፋ የፕላስቲኩን አበባ ትንሽ ወደ ግራ አዞሩት። በመጨረሻ ወደ ቢራጎ ሳያዩ «መስኮትሽ ላይ ሰው ይጠብቅሻል» አሉ፤ ሥራዋ የተመለሰላት በዚህች ቃል ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የተረካቢ ስም የሚለወጠው ስሙ የተጻፈው ሰው ባለበት ነው። እኔም ብሆን።»

አምፖፎ ወረቀቱን ለያዶም አቀረበለት፤ «ለማዳም ይውሰዱላቸው።» ያዶም ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ ወረቀት ምን ይሠራላታል? የምትፈልገው ሰው ነው» አለና ወጣ።

ከሥራ ሲወጡ ቢራጎ ወደ ታፎ የሚሄደውን ትሮትሮ አሳለፈችው። ዋናው መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ገብታ አንድ ጠርሙስ ጅን ገዛች፤ በጥቁር ፌስታል አስጠቀለለችው። አምፖፎ ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደ ተዘጋ በር ነው። «እንዲያ አድርገህ አዛውንትን ትጽፋለህ?» አለችው መንገድ ሲሻገሩ። «ፊታቸውን አላየህም? በዚህ ዕድሜያቸው!» ቀጥላ፣ ብዙ ከተራመዱ በኋላ፣ «የእኔስ? የእኔ መስመር አሁንም እዚያው አለ?» አለች።

«አለ።»

«ሰረዘች ይላል?»

«ይላል።»

የማዳም ኮናዱ ቤት ባንታማ ሰፈር ውስጥ ነው፤ አድራሻውን ከመስኮቱ መዝገብ ታውቀዋለች። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ራሱ አፉን ከፍቶ ይቅርታ አይጠይቅም፤ መጠጥና የሚናገርለት አፈ ጉባኤ ይዞ ይሄዳል፣ ያ ሰው ደግሞ ነገሩን በተረትና በምሳሌ አለስልሶ ያቀርባል። ቢራጎ ሽማግሌ መፈለጊያ ጊዜ የላትም። «የምትናገርልኝ አንተ ነህ» አለችው ከግቢው በር ፊት ቆማ። አምፖፎ ደነገጠ። ከሽማግሌዎች የሰማውን ምሳሌ ሁሉ በአእምሮው መፈለግ ጀመረ፤ ምላስና ጥርስ እንኳ አንድ አፍ ውስጥ ይጋጫሉ የሚለው መጣለት። «ምን ልበል?» አላት።

«እንደጻፍከው በል። ምንም አትጨምር።»

ማዳም ኮናዱ በረንዳው ላይ ቀይና ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው ተቀምጠዋል። ማን እንደመጣ ሲያዩ ፊታቸው አልተለወጠም። ያዶም ከውስጥ ወጣ፤ ቢራጎን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ፣ ግን እናቱ በዓይናቸው ምልክት ሲሰጡት ሄዶ ውሃ አመጣ። ጠላትም ቢሆን ወደ ቤት ለገባ ውሃ ይሰጠዋል። ጠጡ። ኩባያው ተመለሰ። «እዚህ ሰላም ነው» አሉ ማዳም ኮናዱ እንደ ወጉ፣ ቀስ ብለው። «እግራችሁን ያመጣው ምንድን ነው?»

አምፖፎ ተነሣ። ‹ምላስና ጥርስ› ሊል አፉን ከፈተ፤ ቢራጎ ክንዱን በጣቷ ነካችው። ትሮትሮ ውስጥ ለራሱ ስንት ጊዜ ያወራት የነበረችው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሰው ፊት ስትወጣ ግን እንደ ድንጋይ ከበደችው።

«ሐሙስ ከሰዓት፣ በሁለተኛው መስኮት፣ ቢራጎ የእርስዎን ስም ሰረዘች። የባለቤትዎን ወንድም ስም ጻፈች።»

ማዳም ኮናዱ የሚቀጥለውን ጠበቁ። የሚቀጥል አልነበረም። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሰው የእራት ፉፉ ይወቅጣል፤ ዘነዘናው ሲወርድ ወለሉ ድረስ ይሰማል።

«ሰረዘች» አሉ ሴትዮዋ።

«ሰረዘች።»

«በራሷ እጅ?»

ይህን መመለስ የአምፖፎ ነበር፤ ቢራጎ ግን ሥርዓቱን ጥሳ ቀኝ እጇን ከነጠላ ጨርቋ ሥር አወጣች። «በዚህችው» አለች።

ማዳም ኮናዱ እጁን አዩት፤ የመለያ ካርድ ቀለም የነካው ጣት ያለው ተራ የሴት እጅ ነው። «ከቅዳሜ ጀምሮ ይሄ በረንዳ ሰው አልተለየውም» አሉ። «ቤተሰቦቹ መጡ፣ ፓስተሩ መጡ፣ የእናንተ አለቃም ትናንት ደወሉ። ሁሉም ‹እንዲህ ሆነ እኮ› አሉኝ። ሆነ፣ ሆነ፣ ሆነ። እኔም ነገሩ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ መስሎኝ ነበር።» ጨርቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «አሁን ሰምቻለሁ» አሉ።

ይቅር ብያለሁ አላሉም። ቢራጎም አልጠበቀችም። ጠርሙሱን ከፌስታሉ አውጥታ በሁለት እጇ ከእግራቸው አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ማዳም ኮናዱ አላነሡትም፤ መልሺውም አላሏትም። ያዶም ከበሩ ላይ ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው።